ከካርቶኑ እንደወጣ አትሣሉበት

የመሳያ ታብሌቴን ያመጣችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው፤ ስትመለስ በርበሬና ሽሮ ጫንኩላት። ማታውኑ ካርቶኑን ቀድጄ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት። መጀመሪያ የሣልኩት ስኒ ነው። አጠገቤ የነበረውን የቡና ስኒ አፉን ደፍቼ ታብሌቱ ላይ አስቀመጥኩና ዙሪያውን በብዕሩ ተከተልኩት። የላፕቶፔ ስክሪን ላይ የወጣው ግን ክብ አይደለም። ወደ ጎን የተኛ እንቁላል ነው። እጄ ተንቀጥቅጦ ይሆናል ብዬ ደገምኩት። አሁንም እንቁላል።

ሁለት ሳምንት እጄን ስወቅስ ከረምኩ። የሣልኩት ሰው ሁሉ ጥርሱን ያመመው ይመስል ጉንጩ ያብጣል። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ታብሌቴ ኤክስፒ ፔን ዴኮ 01 ነው፤ የራሱ ስክሪን የሌለው፣ እጅህ እዚህ ዓይንህ እዚያ የሚሆንበት ዓይነት። መሳያው 10 ኢንች በ6.25 ኢንች ነው። የላፕቶፔ ስክሪን ደግሞ ወርዱ ከቁመቱ 16 ለ9 ነው። ሁለቱ መጠናቸው ብቻ ሳይሆን ቅርጻቸውም ይለያያል። ሶፍትዌሩ ዳር ከዳር ሲያገናኛቸው የምትሥሉት ሁሉ ወደ ጎን ይለጠጣል። መፍትሔው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የታብሌቱን ማስተካከያ ከፍታችሁ ቁመቱን ከ6.25 ወደ 5.625 ኢንች አውርዱት። ከታች አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል መሳያ ታጣላችሁ። ስኒው ግን ክብ ይሆናል።

ከዚያ ወዲህ ከካርቶን የወጣን ነገር እንደወጣ አላምነውም። ያዘጋጀው ሰው ክፉ አይደለም። ግን የእኔን ጠረጴዛ አላየም፤ የሰፈሬን መብራት አያውቅም፤ የምሥላቸውን ሰዎች ፊትም አያውቅም። እንግዲህ የራሴን ልንገራችሁ። ስድስት ዓመት ብቻዬን ሠርቻለሁ። የመጽሐፍ ሽፋን፣ የልጆች መጽሐፍ፣ የካፌ ሜኑ፣ አንዳንዴ የሠርግ ጥሪ። ቢሮዬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር ያለ ጠረጴዛ ነው። መጀመር የሚፈልጉ ልጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "ምን ልግዛ?" ነው።

ላፕቶፔ ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። ከዱባይ ከሚመጡት። በፈረንጆች 2018 የወጣ ሞዴል ስለሆነ አዲስ ነው የሚል የለም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ለአዲስ ማሽን ሳጠራቅም ነበር። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ያጠራቀምኩት ባለበት ቆሞ ማሽኑ ሸሸ። ያገለገለ ልግዛ ብዬ ስዞር ይህንን የመረጥኩት በፍጥነቱ አይደለም። በባትሪው ነው። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ሆዱ ውስጥ ነው፣ አይነካም። ሁለተኛው ከኋላ በኩል በጣት ተስቦ ይወጣል። የኋላውን ስታወጡት ማሽኑ በውስጠኛው ይሠራል፤ ሳታጠፉት የተሞላ ባትሪ ትቀይራላችሁ። እኔ ሁለት ትርፍ አለኝ። ስትገዙ ግን ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ እዚያው ሱቅ ውስጥ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ተቀምጣችሁ እዩ። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች።

ስለ መብራት የማወራው ልቅሶ እንዲሆንብኝ አይደለም። የሥራዬ አካል ስለሆነ ነው። መብራት ሄዶ የሦስት ሰዓት ሥራ ይዞብኝ ሄዶ ያውቃል። ያኔ ባትሪው የሞተ ዴስክቶፕ መሳይ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ዲቫይደሩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ስትጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። አሁን ሥዕሉ በየሦስት ደቂቃው ራሱን እንዲያስቀምጥ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በላይ የጠቀመኝ ግን ኮንትሮል፣ አልትና ኤስን አንድ ላይ መጫን ነው። ክሪታ ላይ እንዲህ ስታደርጉ አዲስ ቁጥር ያለው ሌላ ፋይል ያስቀምጣል፤ የድሮው አይነካም። አንድ የመጽሐፍ ሽፋን ስጨርስ ሠላሳ ምናምን ፋይል ይኖረኛል። ደንበኛው "የፊተኛው ይሻል ነበር" ሲል እጄ ላይ ነው።

ክሪታ ያልኩት የምሥልበት ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው። ድሮ እንደ ሁላችንም ክራክ የተደረገ ፎቶሾፕ ነበር የምጠቀመው። ስብከት ውስጥ አልገባም። የተውኩት የሆነ ቀን ሥራ አስረክባለሁ ስል አልከፈትም ስላለኝ ነው። ነፃ ነገር ጥራት የለውም የሚል ካለ አንድ ሳምንት ይሞክረውና እናውራ። ብሩሾቹ ይበቁኛል። እንዲያውም ይበዙብኛል፤ አራቱን ብቻ ነው የምነካው። መስመሩ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርግ ስታቢላይዘር የሚባል ነገር አለው (ፍሪጅ ላይ የሚሰካውን አይደለም)። ለረጅም መስመር ጥሩ ነው። ለፊት ግን አጥፉት፤ ፊት ትንሽ መንቀጥቀጥ ይፈልጋል። ኤም የምትለዋን ቁልፍ ስትጫኑ ደግሞ ሥዕሉ እንደ መስታወት ይገለበጣል። የተጣመመ ዓይን ያን ጊዜ ዘሎ ይወጣል። በየአሥር ደቂቃው እጫነዋለሁ።

ራም (ማሽኑ የከፈታችሁትን ሥራ የሚይዝበት ቦታ) ላይ አትሰስቱ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኤ3 ገጽ ለህትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስትከፍቱ 3508 በ4961 ፒክስል ይሆናል። አንዱ ሙሉ ሌየር (ሥዕሉ ላይ የሚደረብ አንድ ንጣፍ) ወደ 70 ሜጋባይት ይይዛል። ሃያ ሌየር ስትደራርቡ አንድ ጊጋ ከግማሽ ገደማ በሥዕሉ ብቻ ሄደ። ከጎን ዩቲዩብ ከፍታችሁ ከሆነ 8 ጊጋ ማቃሰት ይጀምራል። እኔ ሌላ 8 ጨመርኩበት፣ 16 ሆነ፣ ማቃሰቱ ቆመ።

የዚህ ማሽን ድክመት ስክሪኑ ነው። ቀለሙ የደበዘዘ ነው። ደህና ሞኒተር ብገዛም መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ለቀለም ስክሪኔን አላምነውም። ወደዚህ ያደረሰኝን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ረዘም ይላል።

የመጀመሪያው የልጆች መጽሐፍ ሥራዬ ነበር። ዋናዋ ልጅ ጠይም ናት ተብሎ ተጽፏል። ከኢንተርኔት ያወረድኩት "የቆዳ ቀለም" የሚል ፓሌት (የተዘጋጀ የቀለም ስብስብ) ነበረኝ፤ አብዛኛው ሮዝ ነው። ከመሐሉ ቡናማውን መረጥኩ። ጥላ ስፈልግ ጥቁር ጨመርኩበት። ስክሪኑ ላይ አምሮ ነበር፤ ቢያንስ እኔ አምሮ አየሁት። ታትሞ ሲመጣ የልጅቷ ፊት አመድ የነካው ሆነ። እናቴ መጽሐፉን ገልጣ አየችና መነጽሯን አውልቃ እንደገና አየች። "ልጄ፣ ይቺ ልጅ አሟታል እንዴ?" አለችኝ።

ማተሚያ ቤቱ ሄጄ ጮህኩ። ማሽኑ ላይ የነበሩት ሰውዬ በእርጋታ ሰሙኝ። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ "እህቴ፣ ስክሪን ሌላ፣ ወረቀት ሌላ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አፍሪካ አዳራሽ ገብታችሁ የአፈወርቅ ተክሌን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። እዚያ ቀለሙን የሚያበራው ከኋላ የሚመጣው የቀን ብርሃን ነው። ስክሪን እንደዚያ መስታወት ነው። ወረቀት ደግሞ እንደ ቤተክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ የራሱ ብርሃን የለውም፣ የሚሰጡትን ብቻ ይመልሳል። በአራት ቀለም የሚሠራ ማተሚያ የስክሪኑን አንጸባራቂ አረንጓዴና ሰማያዊ አያወጣውም። ቡናማ ላይ ጥቁር ስትጨምሩ ደግሞ የሚታተመው ጠይም አይደለም፣ ግራጫ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ለወጥኩ። አንደኛው ሥራ ከመጀመሬ በፊት የማሳትማት አንዲት ኤ4 ወረቀት ናት። የመጽሐፉ ቀለሞች በትንንሽ አራት ማዕዘን፣ ከሥር ሁለት ሦስት ፊቶች። መጽሐፉ በሚታተምበት ማሽን፣ በዚያው ወረቀት ነው የማሳትማት። ዋጋዋ የማኪያቶ ነው። ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ ከስክሪኑ ይልቅ እሷን እያየሁ እቀባለሁ።

ሁለተኛው ይበልጣል። ያንን ፓሌት አጠፋሁና የራሴን ሠራሁ። ለነገሩ ቋንቋችን ሠርቶ ጨርሶታል። ጠይም፣ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ብስል ቀይ፣ ጥቁር እንላለን እኮ። እነዚህን ቃላት አንዱንም ሮዝ ፓሌት ላይ አታገኟቸውም። በየስማቸው ከፈትኩላቸው። ለእያንዳንዱ ሦስት ቀለም፦ ብርሃን ሲያገኘው፣ መሐሉ፣ ጥላው። ጥላው ውስጥ ጥቁር የሚባል የለም። ለጠይም ወደ ወይን ጠጅ የሚሄድ ቡናማ፣ ለብስል ቀይ የሸክላ ቀለም ይጠጋል። ለጥቁር ደግሞ ጥላውን ሳይሆን ብርሃኑን ነው ማሰብ ያለባችሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ውጭ የቆመ ጥቁር ሰው ግንባሩ ላይ ሰማዩ ይታያል። ሰማያዊ! አንድ ጊዜ ካያችሁት ሌላ ጊዜ አያመልጣችሁም።

እነዚህን ቀለሞች ከፎቶ አልወሰድኳቸውም። ፎቶ ካሜራው የወሰነላችሁን ነው የሚሰጣችሁ። እናቴ ጎመን ስትቀነጥስ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ሣልኩ። የጣቷ መገጣጠሚያዎች ከሌላው ይጠቁራሉ። ጥፍሮቿ ሥር ጽጌረዳ የሚመስል ነገር አለ። መዳፏ ሲገለበጥ ሌላ ሰው ይመስላል፤ ነጣ ያለ፣ መስመሮቹ ብቻ ቡናማ። ክርኗ ላይ የደረቀው ቆዳ ትንሽ ግራጫ አለው፤ ከሰውነቷ ላይ ግራጫ ያገኘሁት እዚያ ብቻ ነው። እሷ "ምን ታፈጪብኛለሽ፣ ይልቅ ሽንኩርቱን ክተፊ" ትለኛለች። ከተፍኩም ሣልኩም።

ከጥንቱ የምወስደውም አለ። በቤተክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉው በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት አስታውሱ። ይህንን ለአንድ ጅብ ተጠቀምኩበት። ታሪኩ መጀመሪያ ላይ ጅቡ ተንኮለኛ ነው፤ በየገጹ በጎን ብቻ ሣልኩት። ልቡ የሚመለስበት ገጽ ላይ ዞሮ በሁለት ዓይኑ አየን። ለማንም አልተናገርኩም። አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ግን ለእናቷ "አሁን አየኝ" አለቻት አሉኝ። ከተከፈለኝ ብር ይልቅ ያ ደስ አለኝ። ብሩ ዘግይቶም ነበር።

የማልወደው ደግሞ "ኢትዮጵያዊ አድርጊልኝ" የሚለው ትእዛዝ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዳር ዳሩን የጥበብ ጥለት፣ ጥግ ላይ ጀበና፣ ከቻልሽ ላሊበላ። ጥለት እወዳለሁ፤ የብራና ሐረግም ቁጭ ብዬ ገልብጬ ተምሬአለሁ። ግን እንደ ማኅተም በሁሉ ነገር ላይ ሲመታ ምንም አይናገርም። ሰፈሬ ያለው ቢጫ ጀሪካን ነው። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ነው። ዝናብ ሲያባራ ቆርቆሮ ላይ የሚቀረው ብርሃን ነው። እነዚህን ስሥል ማንም የየት አገር ነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እና ዛሬ ያለውን ሣሉ። ፒያሳ ላይ የእንጨት በረንዳ ያላቸውን ቤቶች "አንድ ቀን" እያልኩ ስመላለስባቸው ነበር። በ2016 ብዙው ሲፈርስ እጄ ላይ የነበረው አራት ገጽ ንድፍና ሃያ የማይሞሉ የስልክ ፎቶዎች ብቻ ነው።

ስለ ፊደል ካላወራሁ ሥራዬን አልነገርኳችሁም። ክሪታ ለጽሑፍ አይመቸኝም። ጽሑፉን ኢንክስኬፕ ላይ ነው የምሠራው፤ እሱም ነፃ ነው። ፎንት ከሆነ አቢሲኒካና ኖቶ በቂ ናቸው፤ ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ፣ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳሉ። ፊደሉን ወደ ጎን እየለጠጣችሁ ቦታ አትሙሉ። ቡ እና ቢ የሚለዩት በአንዲት ጭረት ቦታ ነው፤ ስትለጥጡትና ስታሳንሱት ያቺ ጭረት ትጠፋለች።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ለአንድ ካፌ ሜኑ ሠርቼ ፋይሉን ለህትመት ላክሁ። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎንት የለም። ማኪያቶ የሚለው አራት ባዶ ሳጥን ሆነ። ሻይም ሁለት ሳጥን። አርባ ኮፒ ታትሞ ላሚኔት ተደርጎ መጣ፤ ማንም ቆም ብሎ "ይህ ምንድን ነው?" አላለም። ገንዘቡ ከእኔ ኪስ ሄደ። አሁን ፋይል ከማስረከቤ በፊት ጽሑፉን መርጬ ወደ ቅርጽ እቀይረዋለሁ። ኢንክስኬፕ ላይ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ ነው። ከዚያ በኋላ ፊደሉ ፊደል አይደለም፣ ሥዕል ነው፤ የትም ቢከፈት አይለወጥም። ማረም ግን አይቻልምና ያልተቀየረውን ኮፒ ለራሳችሁ አስቀሩ። ደንበኛ ጽሑፉን በድሮ ፓወር ግዕዝ ጽፎ ሲልክላችሁም አትቀበሉ። ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ እንግሊዝኛ የመሰለ ዝባዝንኬ ነው የሚሆነው። ስልኩ ላይ ጽፎ በቴሌግራም ይላክላችሁ፤ ችግሩ አለቀ። ማተሚያ ቤት የሄደ ፍላሽ ደግሞ ሲመለስ ሳትፈትሹ አትሰኩት። ሾርትከት ቫይረስ አሁንም አልሞተም።

በቅርቡ አንድ ደንበኛ በኤአይ የተሠራ ሥዕል ይዞ መጣ። "አለቀ እኮ፣ ትንሽ አጽጂልኝ ብቻ" አለኝ፤ በሩብ ዋጋ። ቡና የምታፈላ ሴት ናት። ከሩቅ ታምራለች። ጠጋ ስንል ስኒዎቹ ጆሮ አላቸው። ጀበናው ሁለት አፍ አለው፣ አንደኛው የትም አያደርስም። ከኋላ ያለው ሰሌዳ ላይ ፊደል የሚመስል ነገር አለ፤ አንዱም ፊደል አይደለም። አንድ በአንድ አሳየሁት። "ሰው ያየዋል ብለሽ ነው?" አለኝ። እናትህ ታየዋለች አልኩት። ሳቀና ቀብድ ከፈለ። የእኛን ቤት ጀበና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ከባዶ ሣልኩለት።

ቀብድ ካልኩ ስለ ገንዘብ በአጭሩ። ግማሹን ሳልቀበል ብዕር አላነሳም፤ ለዘመድም ቢሆን። ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ነው፣ ሦስተኛው ይከፈልበታል። "ለማስታወቂያ ይሆንሻል" ለሚል መልሴ ፈገግታ ነው። ሌየሮቹ ያሉበትን ዋናውን ፋይል አልሰጥም፤ ከተፈለገ ለብቻው ዋጋ አለው። ይህንን ሁሉ በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ እልካለሁ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አገራችን ላይ አለ፤ ሥዕልንም ይመለከታል። ብዙ ደንበኛ ይህን ስጠቅስ ድምፁ ይቀየራል።

የእጅ አንጓ ሕመም ከጀመራችሁ ከትከሻ መሣልን ተለማመዱ፣ ታብሌቱንም ወደ ራሳችሁ አቅርቡ። እኔ ስድስት ወር በፋሻ ነው የተማርኩት።

ሌላ የረሳሁት፦ የታብሌቱን ሶፍትዌር አዲስ በጫንኩ ቁጥር ያ 5.625 ያልኩት ቁጥር ተመልሶ 6.25 ይሆንብኛል። ማንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ስኒዋን ከጠረጴዛዬ አላነሳትም። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ደፋ አድርጌ አንድ ዙር እዞራታለሁ።